አሠሪዋም ሠራተኛዋም አንቺ ነሽ

ልጄ፣ እናትሽ ደውላ «ሥራዋን ለቃ፣ ላፕቶፗን ይዛ ታይላንድ ልትሄድ ነውና ምከራት» አለችኝ። እንድትቀሪ ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ። በወጣትነት ወዶ አገር ለማየት መነሣት መታደል ነው፤ እኔ በአንቺ ዕድሜ የተነሣሁት ተገድጄ ነበር። ግን የማውቀው አንድ ነገር አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለ31 ዓመት ታክሲ ስነዳ አለቃ ኖሮኝ አያውቅም። አንቺም ሥራ ከለቀቅሽበት ቀን ጀምሮ እንደኔው ነሽ። እኔ በመኪና፣ አንቺ በኢንተርኔት መሥራታችን ግብር ሰብሳቢው ዘንድ ለውጥ የለውም።

ደመወዝተኛ ሳለሽ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከክፍያሽ 7.65 በመቶ ሲቆረጥ፣ ያንኑ ያህል አሠሪሽ ይጨምር ነበር። አሁን የሁለታችሁንም ድርሻ፣ 15.3 በመቶውን፣ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ፤ የገቢ ግብሩ ደግሞ ለብቻው አለ። «ውጭ አገር ለሚኖር ግብር የለም» የሚሉሽን አትስሚ። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ቢኖር ትጠይቃለች። ከ12 ተከታታይ ወራት 330 ሙሉ ቀን ውጭ ለቆየ ሰው በ2025 በሥራው ካገኘው እስከ 130,000 ዶላር ድረስ ከገቢ ግብር ነፃ ሊሆንለት ይችላል፤ ያ 15.3 በመቶ ግን አይነሣለትም። ፖርቱጋል ከአሜሪካ ጋር የሶሻል ሴኩሪቲ ስምምነት ስላላት እዚያ ብትኖሪ የምትከፍዪው ለአንዱ አገር ብቻ ነው። ታይላንድና ኢትዮጵያ ግን ይህ ስምምነት የላቸውም።

ይህን የማጠብቅብሽ ስለተጎዳሁበት ነው። ታክሲ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ግብር የሚሠራልኝ ሰው «ገቢህን ዝቅ አድርገን እንጻፈው» አለኝ። እሺ አልኩ። ኤርፖርት ተራ እየጠበቅን፣ ከቴርሞስ ቡና እየተቀዳዳን፣ ማን ስንት እንዳስቀረ እንነጋገር ነበር። ብልጠት መሰለን። ውሸት መሆኑን ልቤ ያውቅ ነበር፤ ውሸቱ መልሶ የሚጎዳው ራሴን መሆኑን ግን አላወቅሁም። የጡረታ አበል የሚሰላው ብዙ ገቢ በተመዘገበባቸው 35 ዓመታት ነው። አበሌን የሚነግረው ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቼ በበረዶ የነዳሁባቸው ዓመታት እንዳልነበሩ ሆነው አገኘኋቸው። በዚህ ዕድሜዬ ዛሬም በሳምንት ሦስት ቀን የምነዳው ስለዚህ ነው። እናትሽ ይህን አታውቅም።

ስለዚህ ገንዘብ በገባልሽ ቀን፣ ኪራይ እንኳ ሳትከፍዪ፣ ከሦስት አንዱን እጅ ወደማትነኪው ሒሳብ አዙሪው። ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ሲደርስ ከዚያ ላይ ትከፍያለሽ። የተቀበልሽውን ሁሉ በሙሉ ጻፊ።

ቪዛሽንም አስተካክይ። ታይላንድ በርቀት ለሚሠሩ ሰዎች በ2024 የከፈተችው የአምስት ዓመት ቪዛ አለ፤ በገባሽ ቁጥር 180 ቀን ያስቀምጥሻል፣ 500,000 ባት እንዳለሽ ማሳየት አለብሽ። በዓመት 180 ቀን ከሞላሽ ደግሞ ታይላንድም ግብር ከፋይዋ ታደርግሻለች፤ ቀንሽን ቁጠሪ። «በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ቢሠራ ማን ያያል» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ወረቀት ሳልይዝ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር መደንገጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺ እንዲህ እንድትኖሪ አልፈልግም።

አዲስ አበባንም ከጉዞሽ አታውጪ። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ ይዘው ያለ ቪዛ ይገባሉ፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ይሠራሉ። አያትሽ አጠገብ ስድስት ወር መቀመጥ ትችያለሽ። ሥራ ስትቀበዪ ግን የማስረከቢያውን ቀን አርቂው፤ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ደንበኛ ይጠብቀው የነበረ ሰው ምን እንደደረሰበት አስቢ።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ብቸኝነትሽ ነው። በክረምት ዋሽንግተን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቺያንግ ማይ ከምሽቱ ሦስት ነው። ደንበኞችሽ ሥራ ሲገቡ አንቺ እዚያ አጠገብሽ ያለው ሰው ሁሉ ሊተኛ ነው። ልቤን ቀዶ ጥገና ተደርጌ ሦስት ወር ሳልነዳ ስቀር፣ ያኔ ዕቁብ የደረሰው ጓደኛዬ «ተራዬን ለእሱ» ብሎ ገንዘቡን አልጋዬ ድረስ አመጣልኝ። ለዚያ ሰው ታማኝነቴን ያሳወቀው በየሳምንቱ መገናኘታችን ነበር። በየወሩ አገር የሚቀይር ሰው እንዲህ ያለ ወዳጅ የሚያፈራበት ጊዜ አያገኝም። አንድ ቦታ ቢያንስ ስድስት ወር ተቀመጪ። ሰፈሩን እወቂ፣ ሱቁም ይወቅሽ። የእድራችንንም ክፍያ አታቋርጪ፤ የቱም አገር ሆነሽ መላክ ትችያለሽ።

ከመብረርሽ በፊት ያለውን ቅዳሜ ለእኔ ስጪኝ። የገቢሽን ወረቀቶችና አንድ ደብተር ይዘሽ ነይ፤ የመጀመሪያውን የክፍያ ቅጽ ቁጭ ብለን አብረን እንሞላለን።