የቤትሽን ሒሳብ እወቂ

ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነቀምቴ የደረሰ ሰው የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ሳያይ እንዳይመለስ እመክራለሁ። በተለይ ሴቶች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ግቢው ዛሬ ሙዚየም ነው። የለቃ ነቀምቴ ገዥዎች ቤተሰብ ግን በደርግ ዘመን ታስሮ ወደ አዲስ አበባ እስኪወሰድ ድረስ ኖሮበታል። ያን ቤት ስታዩ ወንበሩንና ጦሩን ብቻ አትቁጠሩ፤ እዚያ ቤት ስለተወለዱትና ለዚያ ቤት ስለተዳሩት ሴቶችም ጠይቁ።

የለቃ ነቀምቴው ገዥ ሞረዳ በከሬ ለምኒልክ የጦር አዛዥ ለራስ ጎበና ገብተው ግዛታቸውን አተረፉ። ልጃቸው ኩምሳ ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። በኩምሳ ልጅ በደጃዝማች ሀብተ ማርያም በኩል ቤቱ ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ጋር ሁለት ጊዜ ተጋባ። ልጃቸው ልዕልት ማኅፀንተ የአፄ ኃይለ ሥላሴን የመጨረሻ ወንድ ልጅ ልዑል ሣህለ ሥላሴን አገቡ። ልጃቸው ፍቅረ ሥላሴ ደግሞ የአልጋ ወራሹን የአስፋ ወሰንን ልጅ ልዕልት እጅጋየሁን አገቡ።

ልዕልት እጅጋየሁ በአባታቸው የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ፣ በእናታቸው የራስ ሥዩም መንገሻ የልጅ ልጅ፣ በትዳራቸው የወለጋ ባላባት ቤት ምራት ነበሩ። በዚያ ዘመን ከዚህ የሚበልጥ ከለላ ያላት ሴት ነበረች ለማለት ያስቸግራል። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፤ የቤተሰቡ ሴቶች ክስ ሳይቀርብባቸው ታሰሩ፤ የካቲት ላይ የገጠሩ መሬት፣ ሐምሌ ላይ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ የተፈቱት ከ14 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ልዕልት እጅጋየሁ ግን ያን ቀን አላዩም፤ በ1969 ዓ.ም. የልጆች እናት ሆነው ሳለ እዚያው በእስር አረፉ።

መሬት ላራሹ ሲደርስ ገበሬው መደሰቱ ተገቢ ነበር፤ የተወረሰው ሀብት ከጭሰኛው ጉልበት የተቆረሰ ነውና። ይህን ማመን ግን አንዲት እናት ያለ ፍርድ ታስራ መሞቷን እንደ ተገቢ ዋጋ ለመቁጠር አያደርሰንም። ሁለቱንም እውነት አብረን መያዝ አለብን። መንግሥት ሲገለበጥ የሚመጣውን ውድቀት በምክር የሚመልሰው የለም። እኔ ዛሬ ልመክርበት የፈለግሁት ግን ሌላው ውድቀት ነው፤ ከሳሎናችን ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ቡናችንን እየጠጣን፣ ሳናየው የሚመጣው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዉዲ አለን ፊልም «ብሉ ጃስሚን» ይህን ጉዳይ በደንብ ያሳያል። ኬት ብላንሼት በዚህ ፊልም የምርጥ ተዋናይት ኦስካር አግኝታበታለች። ጃስሚን የኒው ዮርክ ሀብታም ሚስት ናት። ባሏ ሃል የሰው ገንዘብ እያጭበረበረ የሚኖር ነጋዴ ሆኖ ይገኛል፤ ይታሰራል፣ እስር ቤት ውስጥም ራሱን ያጠፋል። እሷ ባዶ እጇን ሳን ፍራንሲስኮ ወደምትኖር እህቷ ትሄዳለች፤ ያኔም ቢሆን አውሮፕላን ላይ በአንደኛ ማዕረግ ተቀምጣ ነው። የሚያመው ነገር እህቷ ጂንጀርና የቀድሞ ባሏ በሎተሪ ያገኙትን ገንዘብ ለሃል አምነው ሰጥተው ማጣታቸው ነው። ጃስሚን የለበሰችው ልብስ ውስጥ የእህቷም ገንዘብ አለበት። ስትጠየቅ አላውቅም ነበር ትላለች። አላወቀችም ወይስ ማወቅ አልፈለገችም? ፊልሙን ጨርሳችሁ ፍረዱ። የእኔ ፍርድ፣ ላለማወቅ ተጠንቅቃ ትኖር ነበር የሚል ነው።

አሁን ወደ ወለጋ ከተሞች ልመለስ። በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በነቀምቴም ስንት ጥሩ ቤት በቡና ቆሟል! ነጋዴው በለቀማ ወቅት ከባንክ ይበደራል፣ ጀንፈል ይሰበስባል፣ መኪና ይጭናል። ዋጋ ወርዶ፣ መንገድ ተዘግቶ ወይም ገዥ ከድቶ ሊከስር ይችላል፤ ይህ የንግድ ባሕርይ ነው። ለብድሩ መያዣ የሆነው ግን ልጆች የሚተኙበት ቤት ነው። የባንክን መያዣ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 97/1990፣ ተበዳሪው በቀኑ ካልከፈለ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ያ ማስጠንቀቂያ በባል ኪስ ውስጥ ከቆየ፣ ሚስት የምትሰማው ሐራጁን ከጎረቤት ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ባንክ ቤትም ሆነ ውልና ማስረጃ ሄደሽ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ስትባዪ እስክሪብቶውን ከማንሳትሽ በፊት ወረቀቱን አንብቢ። ማንበብ ካልቻልሽ የሚያነብልሽ የምታምኚው ሰው ይዘሽ ሂጂ። ስንት ብር ነው? መቼ ይመለሳል? ካልተመለሰ የሚሸጠው የቱ ንብረት ነው? ይህን መጠየቅ ባልን አለማመን አይደለም። የ1992ቱ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱንም ስምምነት የጠየቀው፣ ከ500 ብር በላይ መበደርንም ለሌላ ሰው ዋስ መሆንንም ለአንዱ ፈቃድ ብቻ ያልተወው፣ ትዳርን ለማፍረስ አስቦ አይደለም። ኦሮሚያ የራሷ የቤተሰብ ሕግ ስላላት፣ ነቀምቴ ላይ ያለሽ ሴት ዝርዝሩን ጠበቃ አማክሪ። ፊርማሽ ለይምሰል የተጠየቀ ከመሰለሽ ተሳስተሻል፤ ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ የአንቺም ዕዳ ነው።

አንተም ወንድሜ፣ «እሷን ለምን አስጨንቃለሁ» እያልህ ዕዳህን አትደብቅ። እንዳትጨነቅ ብለህ የደበቅኸው ዕዳ አንድ ቀን ያለ ዝግጅት ያገኛታል። የመጋዘኑን ቁልፍ፣ የደረሰኙን መዝገብ፣ የሚከፈልህንና የምትከፍለውን ሰው ስም ታውቅ። ነገ ብትታመም ያንን ሱቅ ከፍቶ የሚውለው ማን እንደሆነ አስብ። ሴት ልጅህንም በክረምት ዕረፍቷ ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጣት፤ ኪሎና ዋጋ ስታባዛ ትዋል።

ይህን ሁሉ አድርጋም የምትወድቅ አለች። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በነበረው ግጭት ማሳና ሱቅ፣ ከብትና ቤት የነበራቸው ሰዎች ልጆቻቸውን ብቻ ይዘው ከተማ ገብተዋል። ትናንት ሠራተኛ ቀጥራ ታሠራ የነበረች ሴት ዛሬ የሰው ልብስ ታጥባለች። እዚህ ላይ የእኛ ጠባይ ይፈተናል። «ድሮ እንዴት ትኮራ ነበር» እያሉ ማስታወስ ነውር ነው፤ ኮርታ ቢሆን እንኳ ነውር ነው። ልብስ አጣቢነቱን የሚያዋርድ ነገር አድርጎ ማውራትም ያንን ሥራ ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩ የኖሩትን መስደብ ነው። ቡና ስታፈሉ እንደ ድሮው ጥሯት፤ ስትመጣም ስለጠፋው ንብረት አትጠይቋት። ዕቁብ የምትሰበስቡ፣ እሷ በምትችለው መጠን የምትገባበት አነስተኛ ዕጣ ክፈቱ። የእድር ዳኞች፣ ውዝፍ አለባት ብላችሁ ስሟን ከመሰረዛችሁ በፊት ሰው ልካችሁ ጠይቋት፤ መክፈያ ጊዜ ስጧት፤ ይህንንም በጉባኤ ፊት ሳይሆን ቤቷ ሄዳችሁ ንገሯት።