ያለፈ ድል ምስክር ነው፣ ዳኛ ግን አይደለም

ሰዎች የዛሬውን ሥራ በትናንቱ ድል ሲመዝኑ ፍርዳቸው በምን ላይ እንደሚቆም መመርመር የሥነ ምግባርም የሃይማኖትም ጥያቄ ነው። ጥያቄው በነገሥታት ታሪክና በአባቶች ገድል ዙሪያ ብቻ የሚነሣ ሊመስል ቢችልም፣ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ውጤት በቁጥር በሚመዘገብበትና ትዝታ በሚበረታበት በስፖርት መስክ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በተለይም በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድርያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ጥያቄ ከሁለት ወገን ያገኙታል፤ ልጆቻቸው የሚማሩባቸው ተቋማት የ1953ን እና የ1971ን ድል ሲዘክሩ፣ ወላጆቹ ደግሞ የ1962ን የአፍሪካ ዋንጫ ከአገር ቤት ይዘው መጥተዋል። እነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው። የሦስቱም ድሎች ታሪክ በቅርብ ሲታይ አንድ ነገር ያስረዳል፦ ያለፈ ድል ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል የሚመሰክር ታማኝ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ በዛሬዎቹ ላይ ፍርድ የመስጠት ሥልጣን ግን የለውም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ በስተምሥራቅ ጥቂት ማይሎች ርቆ በኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ እግር ኳስ፣ ማለትም ኳሱ በእጅ እየተያዘና እየተወረወረ ወደ ተጋጣሚ የሜዳ ጫፍ በሚገፋበት ጨዋታ፣ በ1953 የአገሪቱ ሻምፒዮን ተብሎ ተሰይሟል። በአሠልጣኝ ጂም ታተም የሚመራው ቡድን 10ሩንም መደበኛ ግጥሚያዎች አሸንፎ 298 ነጥብ ሲያስቆጥር የተቆጠረበት 31 ብቻ ነበር፤ ከ10ሩ ተጋጣሚዎች ስድስቱ አንድም ነጥብ ሳያገኙ ተመልሰዋል። ቡድኑ የሚያጠቃበት ስልት ስፕሊት ቲ ይባላል፤ በዚህ ስልት የፊት መስመር ተጫዋቾች ከተለመደው ይበልጥ ተራርቀው ይቆማሉ፣ ጨዋታውን የሚመራው ኳርተርባክ ኳሱን ይዞ በመስመሩ ጎን ለጎን ይንሸራተታል፣ ከፊቱ ያለው ተከላካይ ወዴት እንዳዘነበለ አይቶም ኳሱን ይዞ ይሮጣል ወይም ለጓደኛው ያቀብላል። ስልቱን በ1941 የፈጠረው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ዶን ፋውሮት ሲሆን፣ ታተም በ1943፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በአዮዋ በነበረ የባሕር ኃይል አብራሪዎች ማሠልጠኛ የፋውሮት ረዳት ሆኖ ሲያገለግል ተምሮታል።

እንግዲህ የዛሬውን የሜሪላንድ ቡድን የማጥቃት ክፍል ከ1953ቱ ጋር ላወዳድር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው እንቅፋት የሚወዳደረው ነገር አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ዛሬ የአንድ ቡድን አጥቂ ክፍልና ተከላካይ ክፍል የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ እያንዳንዱም የራሱ አሠልጣኞች አሉት። በ1953 ግን ተጫዋቾችን እንደ ልብ መቀያየርን የሚከለክል ደንብ ወጥቶ ስለነበር፣ ሲያጠቁ የነበሩት 11 ሰዎች ኳሱን ሲያጡ መልሰው ራሳቸው ይከላከሉ ነበር፤ ደንቡ ሙሉ በሙሉ የላላው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ስለዚህ ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ ራሱን የቻለ የማጥቃት ክፍል በዚያ ዓመት አልነበረም፤ 298ቱ ነጥብም 31ዱም የእነዚያው ሰዎች ሳንባና ጉልበት ውጤት ነው። አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ስለ ፍትሕ ሲያስተምር፣ የተለያዩ ነገሮችን ለማመዛዘን ሁሉንም እኩል የሚለካ አንድ የጋራ መለኪያ እንደሚያስፈልግ፣ በገበያ ላይም ይህን አገልግሎት የሚሰጠው ገንዘብ እንደሆነ ያስረዳል። በስፖርት ገንዘቡን የሚተካው ነጥብ ነው፤ ነገር ግን የሳንቲም ዋጋ ከዘመን ወደ ዘመን እንደሚለዋወጥ ሁሉ የነጥብም ዋጋ ይለዋወጣል።

የቅርቡ ዘመን ቡድን ሲታይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። በአሠልጣኝ ማይክ ሎክስሊ ዘመን ከ2020 እስከ 2023 ኳርተርባክ የነበረው ታውሊያ ታጎቫይሎአ ለሜሪላንድ ሲጫወት በውርወራ ከ11 ሺህ ያርድ በላይ በማስመዝገቡ የቢግ ቴን፣ ማለትም ሜሪላንድ ከ2014 ጀምሮ የሚወዳደርበት የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር፣ የዘመናት ክብረ ወሰን ባለቤት ሆኗል። ቡድኑም በ2021፣ በ2022 እና በ2023 የውድድር ዘመኖች መጨረሻ ላይ በግብዣ የሚደረጉትን ቦውል የተባሉ ግጥሚያዎች በተከታታይ አሸንፏል። በ1953 ተጫውቶ ያለፈ ሰው እንዲህ ያለ የውርወራ መጠን ሊያስበው አይችልም ነበር፤ የዛሬው ተጫዋችም በበኩሉ በሁለቱም ወገን ጨዋታውን ሙሉ የመቆም ግዴታን አያውቀውም። የአንዱን ቡድን ብርታት በሌላው መለኪያ ሲመዝኑ ሁለቱም ጎደሎ መስለው ይታያሉ፤ ጉድለቱ ግን የሚዛኑ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት አክሊሉን ራሱን ይመለከታል። በዚያ ዘመን የአገሪቱ ሻምፒዮን የሚታወቀው በዋንጫ ግጥሚያ ሳይሆን ጋዜጠኞችና አሠልጣኞች በሚሰጡት ድምፅ ነበር፤ ድምፁም የሚሰጠው የዘመን ማብቂያዎቹ የቦውል ግጥሚያዎች ከመደረጋቸው በፊት ነው። በዚህም የተነሣ ሜሪላንድ ሻምፒዮን ከተባለ በኋላ በጥር 1 ቀን 1954 በማያሚ በተደረገው ኦሬንጅ ቦውል በኦክላሆማ 7 ለ 0 ተሸነፈ፤ 298 ነጥብ ያስቆጠረው ያ የማጥቃት ኃይል በመጨረሻው ቀን አንድም ነጥብ አላገኘም። የኦክላሆማው አሠልጣኝ ባድ ዊልኪንሰንም በዚያው በአዮዋ ማሠልጠኛ ስፕሊት ቲን ከፋውሮት የተማረ፣ በ1946 ደግሞ በኦክላሆማ የታተም ረዳት የነበረ ሰው ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ዕጣው የተገላቢጦሽ ነበር፤ በ1951 ቴነሲ ሻምፒዮን ተብሎ ከተሰየመ በኋላ በሹገር ቦውል 28 ለ 13 ያሸነፈው ሜሪላንድ ነው፣ አክሊሉ ግን ከቴነሲ ራስ አልወረደም። ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ለፍልስፍናው ጥያቄ ቁም ነገር ነው፦ የዛሬዎቹ እንዲደርሱበት የሚጠየቁት ፍጹምነት በዘመኑም ፍጹም አልነበረም፤ የውድድር ዘመኑ ከማለቁ በፊት በሰዎች ውሳኔ የተዘጋ መዝገብ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ከቁጥር ያለፈና ከፍትሕ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው። በ1953ቱ የሜሪላንድ ቡድን ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም፤ በቆዳ ቀለም የመለያየት ሥርዓት ገና ስላልፈረሰ የዋሽንግተን አካባቢ ጥቁር ወጣቶች ችሎታቸው ምንም ቢሆን የዚያ ድል ተካፋይ ሊሆኑ አይችሉም ነበር። በሩ የተከፈተው በ1963፣ የዋሽንግተን ልጅ የሆነው ዳሪል ሂል ለሜሪላንድ በመሰለፍ ዩኒቨርሲቲው ያኔ ይወዳደርበት በነበረው በአትላንቲክ ኮስት ማኅበር ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር እግር ኳስ ተጫዋች ሲሆን ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን፣ በ1984 የተመሠረተውና በየዓመቱ የእግር ኳስ ውድድርና የባህል በዓል የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ በ2013 30ኛ ዓመቱን ያከበረው በዚሁ በኮሌጅ ፓርክ ነው፤ በ1953 ለጥቁር ተጫዋች ዝግ በነበረው ግቢ ሐበሾች ባንዲራቸውን ይዘው ገብተው ኳስ ተጫውተውበታል። ስለዚህ የቀድሞው ቡድን ከዛሬው ይሻል ነበር የሚል ፍርድ የሚሰጥ ሰው፣ ያ ቡድን የተመረጠው ከስንት ሰው መካከል እንደሆነና ማንን ከደጅ አስቀርቶ እንደሆነ ካልጠየቀ ፍርዱ እውነተኛ ሊሆን አይችልም።

በፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለችው አሌክሳንድርያ ደግሞ ትዝታ ራሱ ድልን እንዴት እንደሚለውጥ ታሳያለች። በ1971 የከተማዋ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የላይኛ ክፍል ተማሪዎች በቲ ሲ ዊልያምስ ትምህርት ቤት እንዲጠቃለሉ ተደረገ፣ ጥቁሩ ሄርማን ቡን ዋና አሠልጣኝ፣ ነጩ ቢል ዮስት ረዳቱ ሆኑ፣ ታይታንስ የተባለው ቡድንም 13 ግጥሚያዎችን በሙሉ አሸንፎ የቨርጂኒያ ሻምፒዮን ሆነ። ስለዚሁ ቡድን በ2000 በወጣው ታዋቂ ፊልም የመጨረሻው ግጥሚያ በመጨረሻዋ ቅጽበት የሚወሰን ጭንቅ ሆኖ ቀርቧል፤ በእውነቱ ግን ታይታንስ የፍጻሜውን ጨዋታ ያሸነፉት 27 ለ 0 ነው። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችም በዚያ ትምህርት ቤት አብረው መማር የጀመሩት ከ1971 በፊት ነበር። ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ዘመን በጻፈው ምርምሩ ያለፈው ነገር ራሱ አሁን እንደሌለ፣ ያለው በልብ ውስጥ የተቀመጠ ትዝታው ብቻ እንደሆነ ያስተምራል፤ ትዝታ ደግሞ ይሰፋል፣ ይታረማል፣ ይዋባል። ከ2021 ጀምሮ አሌክሳንድርያ ሲቲ ተብሎ በሚጠራው በዚያው ትምህርት ቤት፣ አማርኛ ከተማሪዎቹ ዋና ዋና የቤት ቋንቋዎች አንዱ በሆነበት ከተማ፣ ዛሬ ኳስ የሚይዝ ልጅ ከ1971ቱ ተጫዋቾች ጋር ብቻ ሳይሆን ከፊልሙ ጋር ጭምር እንዲወዳደር ይጠበቅበታል፤ ከፊልም ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈ ሰው ግን የለም።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ነገሩ ይበልጥ የሚቀርበው በ1962 ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የኢትዮጵያ ቡድን ቱኒዝያን 4 ለ 2፣ ከዚያም በፍጻሜው የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የተሰለፈችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። በሁለት ግጥሚያ ስምንት ግብ ያገባው ያ የማጥቃት መስመር፣ መንግሥቱ ወርቁን፣ ግርማ ተክሌንና የቫሳሎ ወንድማማቾችን ያሰለፈው፣ ከዚያ በኋላ ለመጣ ትውልድ ሁሉ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 ወደ ውድድሩ ሲመለስ በሦስት ግጥሚያ አንድ ግብ ብቻ አስቆጠረ። ቁጥሩ ብቻውን ከተነበበ ፍርዱ ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን በ1962 ተወዳዳሪዎቹ አራት አገሮች ብቻ ሲሆኑ ኢትዮጵያ በአዘጋጅነቷ በገዛ ሜዳዋ ተጫውታለች፤ በ2013 ተወዳዳሪዎቹ 16 ነበሩ፣ ወደዚያ ለመድረስም ቡድኑ በሱዳን 5 ለ 3 ከተሸነፈ በኋላ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ማሸነፍ ነበረበት። አንዷ ግብም የተገኘችው ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በ10 ተጫዋቾች፣ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት በነበረችው ዛምቢያ ላይ ሲሆን ያስቆጠራት አዳነ ግርማ ነው። በተጨማሪም የ1962ቱ አምበልና ወንድሙ የአስመራ ልጆች ነበሩ፤ ያ ድል የተገኘው ዛሬ ሁለት አገር በሆነው ሕዝብ የጋራ ጉልበት ነውና፣ ያን ቡድን ዛሬ መልሶ መጠየቅ የማይመለስ ታሪክን መጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ የሃይማኖት ትምህርት ጥያቄውን ይፈታል። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 7 ያለፈው ዘመን ከአሁኑ ይሻል ነበር እያሉ የሚያማርሩ ሰዎችን ጥያቄ የጥበብ ጥያቄ አድርጎ አይቆጥረውም። የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 የሚያቀርበው የመክሊት ምሳሌ ደግሞ ከተግሣጽ አልፎ የፍርድን መሠረት ያሳያል፤ አምስት መክሊት ተቀብሎ አምስት ያተረፈውና ሁለት ተቀብሎ ሁለት ያተረፈው አገልጋይ ከጌታቸው የሰሙት ምስጋና አንድ ነው፤ ጌታው ሁለቱን አገልጋዮች እርስ በርስ አላስተያየም፣ እያንዳንዱን የጠየቀው በተሰጠው መጠን ነው። በዚህ ሥርዓት መሠረት የ1953ቱ ቡድን በስፕሊት ቲና በ11 ሰዎች ጽናት፣ የዛሬው በውርወራ ጥበብ፣ የ1962ቱ በሜዳው ጸጋ፣ የ2013ቱም በ10 ሰው በተገኘች ግብ ይጠየቃል። አንዱ የሌላውን መክሊት እንዲመልስ መጠየቅ ያልተሰጠውን እንደ መጠየቅ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ስንፍናን ያበረታታል፣ መለኪያ ከሌለም ማንም አይጠየቅም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይሁን እንጂ መልሱ በዚያው ምሳሌ ውስጥ ይገኛል፤ አንድ መክሊት ተቀብሎ መሬት ውስጥ የቀበረው አገልጋይ ተፈርዶበታል፣ የተፈረደበትም አምስት ከያዘው በማነሱ ሳይሆን የያዘውን ባለመሥራቱ ነው። እንዲያውም እንዲህ ያለው ፍርድ ከማነጻጸር ይበልጥ ይከብዳል፤ በ1953 ወይም በ1962 ጥላ ሥር የሚኖር ተጫዋች እነዚያን ማንም አይደርስባቸውም ብሎ ሊያመልጥ ይችላል፣ በተሰጠው መጠን የሚጠየቅ ግን ማምለጫ የለውም። የምስክርነት ጥቅምም እዚህ ላይ ይታያል፤ ያለፈው ድል አንድ ቡድን ከሚዙሪ የመጣን አዲስ ስልት አጥንቶ የራሱ ሊያደርግ፣ የአንድ አገር ልጆችም ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለት ጊዜ አቻ ሆነው በተጨማሪ ሰዓት ሊያሸንፉ እንደሚችሉ ይናገራል። ምስክሩ የሚደመጠው ተስፋን ለማስረዳት ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ለሞቱ ወገኖቻቸው የሚያደርጉት ተዝካር የዝክርን ትክክለኛ ቦታ ያስተምራል፤ በዚያ ሥርዓት ሟቹ በጸሎት ይታሰባል፣ በስሙም ሕያዋን፣ ከሁሉ በፊት ድኾች፣ ይመገባሉ፤ ከሕያዋን ማን ከሟቹ አነሰ ተብሎ የሚመረመር ግን የለም። የድል ዝክርም በዚህ መንገድ ሊያዝ ይገባዋል። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወላጆች ስለ 1962 ሲያወሩ፣ የዩኒቨርሲቲው ደጋፊዎችም ስለ 1953 ሲያነሡ፣ የሚናገሩት ነገር ለሚሰማው ወጣት ስንቅ የሚሆነው ሽንፈቱና የተዘጋው በር ከድሉ ጋር አብረው ሲነገሩ ነው፤ እንዲህ የተነገረ ታሪክ ወጣቱን በማይከፈል ዕዳ አያስረውም፣ የራሱን መክሊት እንዲቆጥርና እንዲነግድበት ያደፋፍረዋል እንጂ።