የአሥረኛ ክፍል ልጆችን ለምትሻሙ መምህራን

ልጆቼ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልነሳ። አንቺ ፊዚክስ፣ አንተ ጂኦግራፊ ታስተምራላችሁ፤ ሁለታችሁንም እዚሁ ገርጂ ስታድጉ አይቻችኋለሁ። ሰኔ በመጣ ቁጥር ወደ አሥራ አንደኛ የሚያልፉትን ልጆች «ናቹራል ግቡ»፣ «ሶሻል ይሻላችኋል» እያላችሁ ትሻማላችሁ። ምክንያቱ አይጠፋኝም፤ እኔም ያረጀሁት ጠመኔ ይዤ ነው። ሴክሽን ሲቀንስ ክፍለ ጊዜ ይቀንሳል፤ ክፍለ ጊዜ ሲቀንስ የዝውውር ወሬ ይመጣል። የእንጀራ ነገር ነውና አልፈርድባችሁም።

ሽሚያ ግን ውሸት ያናግራል። አንተ ልጄ፣ «ሶሻል ግባ፣ ከሒሳብ ትገላገላለህ» ስትል ሰምቼሃለሁ። ሒሳብ መቼ ለቀቀው? ሶሻሉም ይፈተነዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ልጆች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 22,936ቱ ከናቹራል፣ 6,973ቱ ከሶሻል፤ በተፈታኝ ብዛት ግን ሶሻሉ ይበልጥ ነበር። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

አንቺም ልጄ፣ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዓመታት የዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 ለ30 ተብሎ ለሳይንሱ ሲያደላ ስለነበር አንገትሽ ቀና ብሏል። ቢሆንም «ናቹራል የማይገባ ሰነፍ ነው» ስትዪ የልጁን ቅስም ትሰብሪያለሽ። ካርታ የሚወደውን ልጅ ጎትተሽ ላቦራቶሪ ብታስገቢው፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንብሻል።

ቀና ብላችሁ እዩ። አውሮፕላኑ በጣሪያችን ላይ ዝቅ ብሎ ቦሌ ያርፋል። ክንፉን የሚያነሳው የአንቺ ፊዚክስ ነው፤ ኬንትሮሱና ኬክሮሱ፣ ነፋሱና ደመናው ደግሞ የአንተ ጂኦግራፊ ነው። እንደ እናንተ ቢኳረፉ ማን ይሳፈርበት ነበር?

ስለዚህ ዘንድሮ ሰኔን አትጠብቁ። ግንቦት ላይ ወላጅ ጥሩ፣ የልጁን ውጤት ዘርጉ፣ ጎን ለጎን ቁሙ። አንቺ የጂኦግራፊን ጥቅም ተናገሪ፣ አንተ የፊዚክስን። የየራሳችሁን ትምህርት ክብደት ደግሞ ራሳችሁ አትሸሽጉ። ከዚያ ልጁ ይምረጥ።

ክፍለ ጊዜያችሁ እንዳይጎድል ከፈራችሁ መድኃኒቱ መስከረም ላይ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያላስወደዳችሁትን ትምህርት በሰኔ ምላስ አታስወድዱትም።