ይሉኝታ የት ያድራል?

ሰው ለጥፋቱ ተጠያቂ የሚሆነው ክፉውን ከደጉ ለይቶ ራሱን መግዛት ሲችል ነው። ራስን የመግዛት ኃይል ራሱ ቢታመምስ ተጠያቂው ማን ነው?

በወገራ ወይም በደባርቅ ደጋ ስመ ጥሩ የእርቅ ሽማግሌ ይኖራል እንበል። ስድሳ ዓመት ሳይሞላው ጠባዩ ይለወጣል፤ ለቅሶ ቤት ይስቃል፣ በማዕድ ከሌላው ፊት ይቆርሳል፣ በሬውን በማይረባ ዋጋ ይሸጣል፣ ሚስቱ ስታለቅስ አይራራም። የዘመዶቹን ስምና የማሳውን ወሰን ግን አልረሳም። ስለዚህ ጎረቤቱ «ጃጀ» አይለውም፤ «ባለገ» ይለዋል።

ሳይንስ ግን ሌላ ፍርድ አለው። በፕራግ ይሠራ የነበረው ሐኪም አርኖልድ ፒክ በ1892 እ.ኤ.አ. የአንጎል መመንመን በአንድ ስፍራ ለይቶ ሊበረታ እንደሚችል አስረዳ። በ1911 እ.ኤ.አ. አሎይስ አልዝሃይመር በእንዲህ ያለው አንጎል የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ድብልብል ክምችቶችን በአጉሊ መነጽር አየ። ይህ ብርቅ በሽታ የሚጀምረው በአንጎል የፊትና የጎን ክፍሎች ነው። ታው የተባለው ወይም ሌላ ፕሮቲን ከሥርዓቱ ወጥቶ በሕዋሳት ውስጥ ይከማቻል። ጠባይን በሚለውጠው ዓይነት ቀድመው ከሚሞቱት መካከል ለስሜትና ለማኅበራዊ ግንዛቤ ያገለግላሉ የሚባሉ ትልልቅ እንዝርት መሰል ሕዋሳት ይገኛሉ። ትዝታ ገና ሳይነካ ይሉኝታ ይሄዳል።

ታዲያ ማደሪያው ሥጋ በመሆኑ ይሉኝታ ረከሰን? አልረከሰም። ዓይን ሞራ ስለሸፈነው የብርሃን ዋጋ አይቀንስም። «እንግዲያውስ አጥፊ ሁሉ በአንጎሉ ያመካኝ» የሚል ይኖራል። ብልግና ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን ዕድሜውን በጨዋነት የኖረ ሰው ምንም ሳይጠቀም ጠባዩ ቀስ በቀስ ሲፈርስ፣ መፍረሱንም ራሱ ሳያውቀው ሲቀር፣ ከፍርድ በፊት ምርመራ ይገባዋል።

በ1954 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሲያሰማራ፣ ሕመምን ከነኑሮው መመልከትን አስተምሯል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዚያ ተቋም ትምህርት ለዚህም ጥያቄ ይበጃል። በሽታውን የሚገታ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ ስለዚህ ኃላፊነቱ ወደ ጤነኞቹ ይዞራል። ቤተሰብ ሀብቱን ይጠብቅለት፤ ሽማግሌዎች የበደለውን ይካሱለት፤ መምህሩ ለመንደሩ ያስረዳ። እኛም የመድረክ ሰዎች የተለወጠውን ሽማግሌ መሳቂያ አድርገን ከማቅረባችን በፊት የምናስቀው በማን ሕመም እንደሆነ እንጠይቅ፤ እርሱ ያጣው ይሉኝታ በእኛ ዘንድ ገና አለና።