የዕውቀት ዕዳ ለማን ይከፈላል?

ሐኪም የበሽተኛውን አልጋ ትቶ ወደ ጠፈር ቢወጣ ከዳ እንበለው? ጥያቄው ቧልት ሊመስል ይችላል። ሐኪም በማይበቃበት አገር ለሚኖር አንባቢ፣ ይልቁንም ተማሪውን «ተምረህ ወገንህን እርዳ» እያለ ለሚያሳድግ መምህር ግን ቧልት አይደለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአበው ብሂል የማይጨበጥ ሀብት ይዞ በሚመካ ሰው ላይ የተተረተ ነው። በጠፈር ምርምር ላይ የሚሰነዘረው ወቀሳም ከዚሁ ብሂል የራቀ አይደለም።

ነገሩን በአንድ ሰው ሕይወት ላይ እንፈትነው። ዶክተር ሜይ ጄሚሰን በ1956 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ፣ በአላባማ ክፍለ ግዛት ተወልደው በቺካጎ ከተማ አደጉ። እናታቸው መምህርት ነበሩ። በ16 ዓመታቸው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1977 በኬሚካል ምህንድስና ተመረቁ፤ በ1981 ደግሞ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክተርነትን ማዕረግ ተቀበሉ። ከ1983 እስከ 1985 በሴራሊዮንና በላይቤሪያ የሰላም ጓድ የሕክምና ኃላፊ ሆነው ሠሩ። በ1987 ወደ 2,000 ከሚጠጉ አመልካቾች መካከል ለጠፈርተኝነት ከተመረጡት 15 ሰዎች አንዷ ሆኑ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1992፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር 1985 ዓመተ ምሕረት በገባ በማግስቱ፣ ኢንደቨር በተባለችው መንኮራኩር ተሳፍረው ሲወጡ ጠፈርን ያየች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ተባሉ።

ወቃሹ «የአፍሪካን በሽተኛ ትተው ለምን ሄዱ?» ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያ ማንን ያክሙ ነበር? ዋና ሥራቸው የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞችንና የኤምባሲ ሠራተኞችን ጤና መጠበቅ ነበር። በሴራሊዮን ሳሉ አንድ በጎ ፈቃደኛ በጠና ታመመ፤ ወባ ነው ተባለ። ዶክተር ጄሚሰን ግን ማጅራት ገትር መሆኑን ተገነዘቡ፤ በዚያ አገር ሊታከም እንደማይችል ስላመኑም ከጀርመን የአየር ኃይል የሕክምና አውሮፕላን አስጠሩ። ወጪው 80,000 ዶላር ነበር። «ይህን ለማዘዝ ሥልጣን አለዎት ወይ?» ቢባሉ፣ ለሕክምና ውሳኔ የማንም ፈቃድ እንደማያስፈልጋቸው መለሱ። ጀርመን እስኪደርሱ ድረስ ለ56 ሰዓት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። በሽተኛው ዳነ።

ከዚህ ታሪክ በመጀመሪያ የሚታየኝ የሐኪሟ ቆራጥነት ነው። ቀጥሎ የሚታየኝ ግን አውሮፕላን የማይመጣለት ሰው ነው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው በሽታ የተያዘ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ቢኖር ኖሮ ማን ይነሣለት ነበር? ጥፋቱ የሐኪሟ አይደለም፤ ፊታቸው የተኛውን ሰው ማዳን ግዴታቸው ነው። አውሮፕላኑ ለማን እንደሚነሣ፣ ሐኪሙም ከየትኛው አልጋ አጠገብ እንደሚቆም የሚወስነው የኅብረተሰብ አደረጃጀት ነው። ዕዳውን ሁሉ በአንድ ግለሰብ ትከሻ ላይ የምንጭን ሰዎች ከዋናው ባለዕዳ ዓይናችንን እያነሣን ነው። ሆስፒታል ከመሥራት ጀግና መጠበቅ ይቀላልና።

ወደ ሰማዩዋ ላም እንመለስ። በዚያ ስምንት ቀን ባልሞላ ጉዞ ዶክተሯ ከተካፈሉባቸው ምርምሮች አንዱ በአጥንት ሕዋሳት ላይ የተደረገ ነበር። ሌላው የእንቁራሪቶች ነው። ክብደት በማይሰማበት ስፍራ ሕይወት ጀምሮ ያድግ እንደሆነ ለማየት እንቁላሎቹ እዚያው ጠፈር ላይ እንዲዳቀሉ ተደረገ፤ ተፈለፈሉም። ገና ጭራ ያላቸው የእንቁራሪቶቹ ልጆች ግን ሳንባቸውን በጊዜው በአየር መሙላት አልቻሉም። ላይና ታች በሌለበት፣ አየሩ በየት በኩል እንደሆነ ሳይጠፋቸው አልቀረም። ወደ ምድር ተመልሰው ሲያድጉ ደህና እንቁራሪቶች ሆኑ። ይህ የዛሬን ረሀብተኛ የሚያጠግብ ወተት አይደለም፤ ነው ብዬም አልከራከርም። ሆኖም ዛሬ በየጤና ጣቢያው የምንጠቀምበት ዕውቀት ሲገኝ ሁሉ ለማን እንደሚጠቅም አስቀድሞ ታውቆ ነበር የሚል ካለ እርሱ የሳይንስን ታሪክ አልመረመረም።

በኪነ ጥበብ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዶክተር ጄሚሰን ከልጅነታቸው ጀምሮ ዳንስ የተማሩ ናቸው። ሐኪም ወይስ ዳንሰኛ ልሁን እያሉ ሲያመነቱ፣ እናታቸው ሐኪም ከሆንሽ መደነስ ትችያለሽ፣ ዳንሰኛ ከሆንሽ ግን ማከም አትችዪም የሚል ምክር ሰጧቸው። ምክሩ ከእናት ሲመጣ ትክክል ነው። የኅብረተሰብ ፍርድ ሆኖ ሲመጣ ግን ያሳዝነኛል፤ ጥበብን የትርፍ ሰዓት እንግዳ ያደርጋታልና። ልጅቱ ምክሩን ተቀበሉ፤ ጥበቡን ግን አልጣሉም። ወደ ጠፈር ሲሄዱ ከያዟቸው ዕቃዎች አንዱ ጁዲት ጄሚሰን የተባለችው ዳንሰኛ በአልቪን ኤይሊ የዳንስ ቡድን ስትደንስ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ የሴቶች ማኅበር ምስልም ይዘዋል፤ እንዲሁም የቤሲ ኮልማንን ፎቶግራፍ። ኮልማን የአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤቶች ስላልተቀበሏት ፈረንሳይ ድረስ ሄዳ በ1921 የአብራሪነት ፈቃድ ያገኘች ጥቁር ሴት ናት። ይህን ጭነት እንደ ጌጥ አላየውም፤ ባለዕዳ ያበደሩትን ሰዎች ስም ይዞ እንደ መሄድ ነው።

በ1993 ጠፈርተኝነቱን ትተው ባቋቋሙት ድርጅት ከያዟቸው ዕቅዶች አንዱ፣ በሳተላይት ግንኙነት አማካይነት በታዳጊ አገሮች የሕክምና አገልግሎትን ማሻሻል ነበር። ላሚቱ ከሰማይ ልትታለብ ነው ማለት ነው። ግን ሳተላይቱ ከሩቅ ሐኪም ያመጣውን ቃል በገጠሩ ጤና ጣቢያ ተቀብሎ መርፌውን የሚወጋው ማን ነው? እርሱንስ ማን አሠልጥኖ፣ ማን ደመወዝ ከፍሎ በዚያ ያቆየዋል?