ሰው የማይኖርባት ድንጋይ

አየሩ ሲጠራ፣ ከቀርሜሎስ ተራራ ላይ ከሐይፋ ሰላጤ ማዶ፣ ከዓኮም አልፎ፣ አንድ ነጭ ገደል ይታያል። ሮሽ ሃኒቅራ ነው፤ ሊባኖስ ከዚያ ይጀምራል። ከገደሉ በስተደቡብ፣ ከዳር ፈቀቅ ብላ ያለችው ትኼሌት ግን ከዚህ አትታይም። ስሟ ኦሪት ለልብስ ዘርፍ ያዘዘችው የሰማያዊ ክር ስም ነው። እሷ ዐለት ናት። ማንም አይኖርባትም፤ ማንም አያርሳትም።

እስራኤልና ሊባኖስ የባሕር ወሰናቸውን ሲነጋገሩ ይህች ድንጋይ መካከል ገባች። ክርክሩ የማን ናት የሚል አልነበረም፤ ስንት ትመዝናለች የሚል ነበር። መስመሩ ሲሠመር እንደ መሬት ትቈጠር ወይስ እንደሌለች ትታለፍ? የዓለም የባሕር ሕግ፣ ሰው ሊኖርበት ወይም የራሱ ኑሮ ሊኖረው ለማይችል ዐለት ሰፊ የኢኮኖሚ ባሕር አይሰጥም። ይህን ይዘው ከሊባኖስ በኩል 29 የተባለውን መስመር ያቀረቡ ሰዎች ትኼሌትን ከቍጥር አወጧት። በዚያ መስመርና 23 በተባለው መካከል 1,430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ጋዝ አለ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2022 በሊባኖሷ ናቁራ 23 የተባለው መስመር ጸና። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት አልተፈራረሙም።

ይህን ለአባቴ ነገርኩት። የሚደነቅ መስሎኝ ነበር፤ አልተደነቀም።

«ድንጋይማ አይታረስም፣ ልጄ» አለኝ። «ወሰን ላይ ሲቆም ግን ከማሳው ይከብዳል።»

አባቴ ያደገው ጎንደር፣ በሰው መሬት ላይ ነው። አብዛኛው ቤተ እስራኤል ርስት አልነበረውም፤ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ጢሰኛ ሆኖ ያርስ፣ ከምርቱም ለባለመሬቱ ያካፍል ነበር። የወሰኑን ድንጋይ ግን ከባለርስቱ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ በሬዎቹን የሚመልሰው እዚያ ነዋ። «ቦታውን እናውቅ ነበር» አለኝ፣ «ድንጋዩ ግን የእኛ አልነበረም።»

ከዚያ ወዲህ ሐኒሽ ከሐሳቤ አይወጣም። ኤርትራና የመን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1995 በቀይ ባሕር ደሴቶች ላይ ተዋጉ፤ ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1998 የግልግል ዳኞች ዙቀርንና ሐኒሽን ለየመን፣ ሞሐበካንና ሌሎች ጥቃቅን ደሴቶችን ለኤርትራ ሰጡ። እኔን የሚነካኝ ግን የማን ሆኑ የሚለው አይደለም። ዳኞቹ፣ የሁለቱም አገር ዓሣ አጥማጆች እንደ ጥንቱ በዚያ ውኃ ያጥምዱ አሉ። ደሴቱ ባለቤት አገኘ፤ መረብ የሚጥለው ሰው ግን አልተባረረም። የባሕሩን ጥልቅና ጥልቅ ያልሆነውን ለይቶ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ያ እውቀት በሕግ ፊት ሲቈጠር ሳይ ልቤ ይሞላል። የጎንደሩን ጢሰኛ እንዲህ ያሰበው ዳኛ ማን ነበር?

እዚህ ከሮሽ ሃኒቅራ ወደ ባሕሩ ተንሳፋፊ ምልክቶች ተደርድረዋል። በአጠገባቸው ያለፈ አጥማጅ መረቡን የት እንደሚመልስ አስባለሁ።

የአባቴ ዓይን አሁን ደክሟል። ጧት ሰገነት ላይ ተቀምጦ፣ «ዛሬ ይታያል?» ይለኛል።

«ገደሉ ይታያል፣ አባባ። ድንጋይቱ ግን አትታይም።»

«ግድ የለም» ይላል፤ «ቦታዋን አሳየኝ።» እጁን ይዤ ወደ ሰሜን እዘረጋዋለሁ።