ከጥይቱ እስከ ጦርነቱ

የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ታሪክ አብዛኞቻችን የምናውቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ የኦስትሪያ-ሃንጋሪው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ሳራዬቮ ላይ በመገደሉ ጦርነቱ ፈነዳ። እኔም ይህን ሸምድጄ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ነገሩን እንደገና ከሥሩ ልማር ብዬ ስነሣ መጀመሪያ ያጠራጠረኝ የቀኑ ጉዳይ ነው። አልጋ ወራሹ የተገደለው ሰኔ 21 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ጁን 28 ቀን 1914። ብሪታንያ በጀርመን ላይ ጦርነት አውጃ ነገሩ የማይመለስ የሆነው ሐምሌ 28 ነው። በመካከሉ 37 ቀን አለ። አንዱ ነገር ሌላውን በግድ የሚወልድ ከሆነ ይህን ያህል ጊዜ ምን ሲሠራ ቆየ?

እስኪ ከግድያው ልጀምር። የዚያን ዕለት ጠዋት ከሴረኞቹ አንዱ የወረወረው ቦምብ አልጋ ወራሹን ስቶ ከኋላ በነበረው መኪና የተሳፈሩትን አቆሰለ። ፈርዲናንድ ከማዘጋጃ ቤት ሲወጣ ቁስለኞቹን ሆስፒታል ሄጄ ልጠይቅ አለ። መንገድ መቀየሩን ለሾፌሩ የነገረው ሰው አልነበረም። ላቲን ድልድይ አጠገብ ሲደርስ በቀድሞው ዕቅድ መሠረት ታጠፈ፤ ተሳስተሃል ብለው ሲጮኹበት መኪናውን አቆመ። የቆመው የ19 ዓመቱ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ ካለበት ጥቂት እርምጃ ርቆ ነበር። ሁለት ጥይት ተተኮሰ፤ አልጋ ወራሹም አብራው የነበረችው ሚስቱም ሞቱ።

ይህን ያነበበ ሰው ዓለምን ያነደደው የአንድ ሾፌር መሳሳት ነው ሊል ይችላል። እኔ ግን ሌሎች ግድያዎችን አስታወስኩ። እ.ኤ.አ. በ1894 የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖን ሊዮን ከተማ ላይ ወግቶ የገደላቸው ጣሊያናዊ ነበር። በ1898 የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት የፍራንዝ ዮሴፍን ሚስት፣ እቴጌ ኤልሳቤጥን፣ ጄኔቭ ላይ የገደላቸውም ጣሊያናዊ ነው። ፈረንሳይም ሆነች ኦስትሪያ በጣሊያን ላይ አልዘመቱም። የእቴጌ ደም ያላመጣውን ጦርነት የአልጋ ወራሽ ደም እንዴት አመጣው?

እርግጥ ነው፣ ልዩነት አለ። ከእነዚያ ገዳዮች ጀርባ መንግሥት አልነበረም፤ የሳራዬቮዎቹን ወጣቶች ያስታጠቁት ግን የሰርቢያ መኮንኖች ናቸው፤ ከበላያቸው የሰርቢያ ወታደራዊ ስለላ ኃላፊ ኮሎኔል ድራጉቲን ዲሚትሪዬቪች ነበር። ስለዚህ ሰርቢያ እጇ ንጹሕ ነው አልልም። ነገር ግን የኦስትሪያው ኤታማዦር ሹም ኮንራድ ፎን ሆትሰንዶርፍ ሰርቢያን እንውጋ እያለ ሲወተውት ዓመታት አልፈውት ነበር። ውትወታውን አጥብቀው ይቃወሙ ከነበሩት አንዱ ማን ነው ቢባል ፍራንዝ ፈርዲናንድ ራሱ ነው። ቪየና በስሙ የዘመተችው ዘመቻ እሱ በሕይወቱ ሲከላከለው የኖረው ነው።

ሁለተኛው የመማሪያ መጽሐፍ መልስ የቃል ኪዳን ሰንሰለት ነው፦ ኦስትሪያ ጀርመንን፣ ሰርቢያ ሩሲያን፣ ሩሲያ ፈረንሳይን ጎተተች ይላል። ይህም አላሳመነኝም፤ ምክንያቴ ጣሊያን ናት። እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ ከጀርመንና ከኦስትሪያ ጋር በውል የታሰረች አገር ስትሆን በ1914 ውሉ ለመከላከል እንጂ ለማጥቃት አይደለም ብላ ከዳር ቆመች፤ በዓመቱ ደግሞ ኦስትሪያን ወጋች። ሰንሰለቱ እሷን ካልጎተተ ሌሎቹንም ብቻውን አልጎተተም። ጀርመንም ብትሆን ሰኔ 28 ቀን ቄሣር ዊልሄልም ፖትስዳም ላይ የኦስትሪያን አምባሳደር ተቀብሎ ሩሲያ ብትገባም እንኳ ከጎናችሁ ነን ሲል ያስገደደው አንቀጽ አልነበረም። ፈልጎ የሰጠው ቃል ነው።

ሦስተኛው መልስ ሠራዊት የሚጓጓዝበት የባቡር መርሐ ግብር ነው፤ ብዙ ያደከመኝም እሱ ነው። ሐምሌ 25 ቀን፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ከጦርነቱ ሊቀሩ ይችላሉ የሚል ወሬ ከለንደን ሲደርሰው ዊልሄልም ሠራዊቱ በሙሉ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሩሲያ፣ ይዙር አለ። ኤታማዦር ሹሙ ሞልትኬ አይሆንም አለ፤ በዓመታት ሥራ የተሰናዳ ዕቅድ በአንድ ሌሊት አይገለበጥም። ታዲያ እውነትም ሰዎቹ የራሳቸው ማሽን እስረኞች ነበሩ ልል ተቃረብኩ። ነገር ግን ያኔ የሠራዊቱ የምድር ባቡር ክፍል ኃላፊ የነበረው ጄኔራል ፎን ሽታብ ከጦርነቱ በኋላ፣ አልቻሉም መባሉ ለክፍሉ ውርደት ሆኖበት፣ ሠራዊቱን ማዞር ይቻል እንደነበር የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፈ። ባቡሮቹን የሚያውቀው ሰው ይቻላል ካለ፣ አይቻልም የተባለው ምኑ ነው? እኔ እንደሚገባኝ ያቃተው የሞልትኬ ልብ ነው።

በእነዚያ ቀናት የሆነውን ሳጠና ደግሞ ነገሩ መቆም ይችል እንደነበር ያየሁበት ሰዓት አለ። ሐምሌ 22 ምሽት በሴንት ፒተርስበርግ ማዕከላዊ ቴሌግራፍ ቤት ጄኔራል ዶብሮሮልስኪ የአጠቃላይ ክተት ትእዛዙን ይዞ ቆሟል። ሌላ መልእክት ሁሉ ታግዶ ኦፕሬተሮቹ ማሽናቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ስልክ ተደወለ፦ አታስተላልፍ። ዛር ኒኮላስ የዊልሄልም ቴሌግራም ደርሶት ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። በአንድ ሰው ቃል የሩሲያ አጠቃላይ ክተት ቆመ። በማግሥቱ ግን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳዞኖቭ ፒተርሆፍ ቤተ መንግሥት ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ሲለምነው ዛሩ ተሸነፈ። ሳዞኖቭ ለኤታማዦር ሹሙ ደውሎ ከእንግዲህ ስልክህን ስበረው አለው፤ ዛሩ እንደገና ሐሳቡን እንዳይቀይር።

ክተቱ ከቆመበት ምሽት አንድ ቀን በፊት፣ ሐምሌ 21 ጠዋት፣ ዊልሄልም ሰርቢያ ለኦስትሪያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የሰጠችውን መልስ አንብቦ ለጦርነት ምክንያት የሚሆን ነገር አልቀረም ብሎ ጽፎ ነበር። ሰርቢያ ከቀረቡላት ጥያቄዎች አብዛኞቹን ተቀብላ፣ የኦስትሪያ ሹማምንት በምድሯ ገብተው የፍርድ ምርመራ ላይ ይሳተፉ የሚለውን ነው የገፋችው። የቄሣሩን ሐሳብ መራሔ መንግሥቱ ቤትማን ሆልቬግ አዘግይቶና አለዝቦ ወደ ቪየና ላከው። ኦስትሪያ ግን በዚያው ዕለት ለሰርቢያ የጦርነት አዋጇን በቴሌግራም አድርሳ ነበር።

እዚህ ላይ ራሴን ተጠራጠርኩ። ፍጻሜውን አውቄ፣ ወደ አሥር ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ማለቁን አውቄ፣ ፍጻሜውን ባላወቁ ሰዎች ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ታዲያ አያውቁም ነበር? የቀድሞው የሩሲያ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ፒዮትር ዱርኖቮ እ.ኤ.አ. በ1914 መጀመሪያ ለዛሩ ባቀረበው ጽሑፍ ከጀርመን ጋር መዋጋት ሩሲያን ወደ አብዮት እንደሚነዳት አስጠንቅቋል። የሞልትኬ አጎት፣ ትልቁ ሞልትኬ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 በጀርመን ምክር ቤት ተነሥቶ ቀጣዩ ጦርነት ሰባት ዓመት ወይም ሠላሳ ዓመት ሊፈጅ ይችላል ብሎ ነበር። ማስጠንቀቂያው በየጠረጴዛቸው ላይ ነበረ። የሚበልጥባቸው ፍርሃት ሌላ ነበር፤ ሌላው ቀድሞኝ ይከታል የሚል።

በቬርሳይ ውል አንቀጽ 231 ኃላፊነቱ በጀርመንና በአጋሮቿ ላይ ብቻ ተጭኗል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሁሉም እኩል ጥፋተኛ ነው በሚለውም አልስማማም። ጦርነትን ፈልጋ የተነሣችው ቪየና ነበረች፤ በርሊን አይዞሽ አለቻት፤ ፒተርስበርግ ለመክተት ቸኮለች፤ ለንደን አቋሟን በግልጽ የተናገረችው ዘግይታ ነው። ድርሻቸውን በዚህ ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

አንድ ሰው ግን ቦታ አጣሁለት። ሰኔ 30 ቀን ቪየና ላይ ሚኒስትሮቹ ሲመክሩ በሰርቢያ ላይ በድንገት መዝመትን የተቃወመው የሃንጋሪው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢሽትቫን ቲሳ ብቻ ነበር። ተቃውሞውን ለንጉሠ ነገሥቱ በጽሑፍ ጭምር አቀረበ። ከሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 7 ቀን፣ ተስማማ። እ.ኤ.አ. በ1918 ጦርነቱ ሲያበቃ ለዚህ ሁሉ ያበቃኸን አንተ ነህ ያሉ ወታደሮች ቤቱ ገብተው ገደሉት። ብቻውን አይሆንም ያለ ሰው ነው፤ መጨረሻ ላይ ይሁን ያለም እሱው ነው። ከየትኛው ወገን እንደማስቀምጠው እስካሁን አልቆረጥኩም።